ጋሽ ሜትር የለኩት ጥላ

ጎረቤቴ ጋሽ ሜትር ማንጎዬን እንዳስቆርጥ ሊለምኑኝ የመጡ ጠዋት፣ በክፍያ የማጥብለትን የእንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። መለመን ያልኩት በእሳቸው ቋንቋ ነው። በሩን ሳያንኳኩ ገቡ፤ ከኪሳቸው የማትለየውን የብረት ሜትር መዘዝ አድርገው ከአጥሩ እስከ ዛፉ ግንድ ለኩ፤ ከዚያ ሜትሯን ጠርቀም አድርገው ወደ ቦታዋ መለሷትና፣

«ደህና አደርሽ?» አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ ሰላምታ ከልኬት በኋላ ነው። ለምጄዋለሁ።

«ደህና፣ እርስዎስ ጋሼ? ምን ጎድሎ ነው በጠዋቱ?»

«ብርሃን ነዋ የጎደለኝ! የወሰደችብኝም ይህቺ ናት።» በአገጫቸው ወደ ማንጎዬ ጠቆሙ።

ስለ ሰውየውም ስለ ማንጎዋም ትንሽ ማለት አለብኝ፤ አለዚያ ነገሩ የሁለት ጎረቤት ንትርክ ብቻ ይመስላል።

ጋሽ ሜትር ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጺ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከድርጅቱ ነው እንጂ ከእንጨቱ አይደለም። አሁንም በግቢያቸው ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ ይሠራሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ የማይለኩት ነገር የለማ! አንድ ጊዜ የታክሲ ወንበር ለክተው «ይሄ ሦስት ሰው እንጂ አራት አይችልም» በማለት ከረዳቱ ጋር ተጣልተው በእግራቸው ገብተዋል። ሚስታቸውንም ለክተው ነው ያገቡት ይባላል። እትዬ ግን፣ ሚስታቸው ማለቴ ነው፣ «ኧረ የለካሁትስ እኔ ነኝ፤ ትንሽ ቢያጥርም ዝም ብዬ ወሰድኩት» ይላሉ።

የጋሽ ሜትር የልብ ጌጥ ጡረታ ሲወጡ ያስገቡት የፀሐይ መብራት ነው። ጣሪያው ላይ ፓኔሎች ተደርድረዋል፣ ቤት ውስጥ ባትሪ አለ፣ በመካከላቸው ደግሞ ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን። ያን ጊዜ ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እንዲህ ብለው ነበር ያስረዱኝ፦ «ፀሐይ በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፣ ፍሪጅና መጋዝ በሌላ ቋንቋ ነው የሚሰሙት። እሱ አስተርጓሚ ነው።» ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚሰጥ አይመስለኝም። ሰፈሩ በጨለማ ሲዋጥ የእሳቸው ቤት ብቻ ቦግ ብሎ ይታያል። አልኮሩም አልልም፤ አገጫቸው ከፍ ብሎ ነበር። ግን ቸርም ናቸው። ሳልጠይቃቸው በአጥሩ ላይ ሽቦ አሻግረው በረንዳዬ ላይ አንድ አምፖል ሰቅለውልኛል። ያቺ አምፖል በበራች ቁጥር የምስጋና አፌን ትከፍታለች፣ የእምቢታ አፌን ትዘጋለች።

ማንጎዋን የተከለቻት እናቴ ናት። ተከለች ከተባለ። አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ማንጎ በላች፣ ፍሬውን በተረከዟ አፈሩ ውስጥ ገፋ አደረገችው፣ በቃ። ዛፉ ወጣ፣ ረዘመ፣ ጣሪያ አለፈ፤ ፍሬ ግን የለም። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ቅጠል ብቻ። ሰፈሩ «የማንጎአችሁን ቅጠል ነው የምትበሉት?» እያለ ሲቀልድ እናቴ፣ «ተዉአት፤ እያሰበችበት ነው» ትል ነበር። ሳትቀምሳት አረፈች። ዘንድሮ ግን፣ እናቴ ካለፈች ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ቀና ስል ዛፏ ከላይ እስከ ታች አበባ ለብሳለች። አንሶላውን ትከሻዬ ላይ እንደጣልኩ ቆሜ ቀረሁ። «አሰበችበት» አልኩ ለራሴ።

እንግዲህ ጋሽ ሜትር እንዲቆረጥ የሚፈልጉት ይህን ዛፍ ነው።

«ጋሼ፣ ገና አሁን አበባ ያዘች እኮ!»

«አይቻለሁ። ውብ ነው። ግን ነይ።» ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ወደ ግቢያቸው ወሰዱኝና ጣሪያቸውን አሳዩኝ። እውነትም የማንጎዬ ጥላ ዳር ላይ ባሉት ፓኔሎች ላይ ተኝቷል። ጥላው የሚደርስበትን በጠመኔ በግድግዳው ላይ ምልክት አድርገውበታል፤ ከሥሩም ልኬቱ በቁጥር ተጽፏል።

«ከሰዓት መጋዜ አይነሳም፤ ፍሪጁ ያልበዋል፤ የእትዬሽ ወተት ይበላሻል» አሉ። «ፓኔሉን በሳሙና አጠብኩ፣ ምንም። ባትሪውን አስለወጥኩ፣ ምንም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ዛፍሽ ፀሐዬን ይበላል። ጠዋት ያልተጠራቀመ ደግሞ ከሰዓት ከየት ይመጣል? ድሮ ትንሽ ነበረች፣ አሁን ትልቅ ሆነች። ድሮ መብራቴ ደህና ነበር፣ አሁን ታመመ። ይኸው ነው።»

ምን ይባላል? አስር ጊዜ ለክቶ አንዴ የሚቆርጥ ሰው ፊት ቆሜ «ተሳስተዋል» ልበል? አናጺ ዛፍ ሲያይ የሚታየው ሳንቃ ነው ብዬ ላሾፍባቸው ዳዳኝና ተውኩት። ዓይናቸው ቀልቷል። መጋዙ የቆመባቸው ሰው ናቸው። ልጆቻቸው በስልክ በደወሉ ቁጥር «አባዬ፣ አሁንስ አይበቃም?» ይሏቸዋል፤ መጋዙ በቆመ ቁጥር የልጆቻቸው ቃል ትክክል እየሆነ ይመስላቸዋል። ይህን እትዬ ናቸው በጆሮዬ የነገሩኝ።

«በእናንተ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ላስቆርጥልዎ» አልኩ በመጨረሻ። «ግንዱን ግን ይማሩልኝ።»

ቅርንጫፉን ራሳቸው ቆረጡት። በእጅ መጋዝ፣ ቀስ ብለው፣ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ከሥር በኩል አስቀድመው ጥቂት ገዝገዝ አድርገው። ለዛፍ እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቅርንጫፉ ሲወድቅ አበባው ያጠብኩት አንሶላ ላይ ተበተነ፤ አንሶላዎቹን መልሼ አጠብኩ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ሁላችንንም ያሳሳተን። ቅርንጫፉ በተቆረጠ ማግስት ሰማዩ ደመነ። ቀናቱ ቀዝቃዛ ሆኑ፤ አንሶላዬ አልደርቅ ብሎ ከማረፊያ ቤቱ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩ። የጋሽ ሜትር መብራት ግን ጠዋት ከሰዓት ሳይል ሠራ። ደከም ያለ ቢሆንም አልጠፋም። መጋዙ ሲጮኽ እሰማለሁ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

«አላልኩሽም?» አሉኝ።

«ብለዋል፣ ጋሼ።»

«ቅርንጫፍ ብቻ ነው ይሄ። ሙሉው ቢቆረጥስ?»

ሰው አንዴ ከቀመሰ ይጣፍጠዋል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ሰማዩ ተገለጠ፤ ያቺ የምታነድ ፀሐይ ተመለሰች። እኔ በአንሶላዬ ደስ ሲለኝ የእሳቸው መብራት ከሰዓት ከሰዓት እንደገና ይጠፋ ጀመር። ጋሽ ሜትር አሁን አልለመኑኝም፤ ፊታቸውን ጥለው መጡና ጥላውን በጠዋት እንደገና እንደለኩት፣ ሌላ ቅርንጫፍ እንደገባበት ነገሩኝ። ዛፍ ቆራጭ ለቅዳሜ ቀጥረዋል። እንጨቱን አልወስድብሽም፣ የምትፈልጊውን ዕቃ ሠርቼ እሰጥሻለሁ አሉ። ጠረጴዛም ቢሆን። «እናትሽ የተከለችው ዛፍ ጠረጴዛ ሆኖ ቤትሽ ቢቀመጥ አይሻልም? ፍሬ እንደሁ አይሰጥሽ።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ የሚገባው በይሉኝታ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ሲመሽ በረንዳዬ ላይ ያለችው አምፖል ስትበራ ቀና ብዬ አየኋትና፣ «አንቺ ነሽ ያስባልሽኝ» አልኳት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ ዛፉን ሙሉ ነበር ያዋስኳቸው።

ዐርብ ቀን ቀትር ላይ የእትዬን መጋረጃ ተኩሼ ላደርስ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጋሽ ሜትር ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል፤ ማንኮራፋታቸው እስከ በሩ ይሰማል። ይህ የታወቀ ነው። ጡረታ የወጡ ዕለት «ከእንግዲህ ቀትርን ለማንም አልሰጥም» ብለው ነበር፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከምሳ እስከ ፀሐይ ዘንበል ማለት ድረስ ቤቱ ቢቃጠል አይነሱም።

ከእትዬ ጋር መጋረጃውን ለመስቀል ወንበር ላይ ወጥቼ ሳለሁ ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ።

«እሱም ተኛ» አሉ እትዬ መጋረጃውን እያቀበሉኝ።

«ማን?»

«ፍሪጁ ነዋ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ባሌ ሲተኛ አብሮት ይተኛል። ሁለት ጡረተኛ ነው ያለኝ።»

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ። በመስኮቱ ወደ ግቢዬ እያየሁ ነበር። ማንጎዬ ቆማለች። ጥላዋ ግን ወደ ጋሽ ሜትር ቤት የለም፤ ወደ እኔም ቤት የለም። ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር እንደሰበሰበች ዶሮ ጥላዋን በሙሉ እግሯ ሥር ሰብስባዋለች። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቀትር ላይ ዛፏ ሥር አንሶላ ባሰጣ ብቻ ነው ጥላ የሚይዘኝ። የእነሱ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር በፀሐይ ተለብልቧል።

«እትዬ» አልኩ ከወንበሩ ሳልወርድ፣ «ሁልጊዜ አሁን ነው የሚጠፋው? በዚህ ሰዓት?»

«ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን። ምነው?»

«ያ ደመና የነበረ ጊዜስ?»

«ያኔማ ሳይጠፋ ውሎ አደረ።»

«ለጋሼ ነግረዋቸዋል?»

እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ማን ጠየቀኝና? እሱ የሚለካውን እንጂ እኔ የምሰማውን መቼ ይጠይቃል? ሲነሳ ጠፍቶ ያገኘዋል፣ ወደ ዛፍሽ ያንጋጥጣል፣ ይበሳጫል። እኔም ምን አውቄ፤ ጥላ ካለ ጥላ ነው።»

ወረድኩ። ፀሐይ በሞላበት ሰዓት የሚጠፋ፣ ፀሐይ ስትደበቅ የሚሠራ የፀሐይ መብራት ምን ዓይነት ነው? ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ይህቺ ብቻዋ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባች።

«ያ አስተርጓሚው የት ነው የተቀመጠው?»

እትዬ ወደ መተላለፊያው ወሰዱኝ። እዚያ ግድግዳው ላይ ጋሽ ሜትር በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የሚያምር ቁምሳጥን አለ። ጠንካራ ጥቁር እንጨት፣ በቫርኒሽ መስታወት የመሰለ፤ የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ጎማ የተለበጠ፤ ትንሽ ቁልፍ ያለው። ስገባ ስወጣ አይቼው አውቃለሁ፤ የሰርግ ልብስ የሚቀመጥበት ነበር የሚመስለኝ።

«አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ነው የሠራለት» አሉ እትዬ። «ለልጆቹ እንኳ እንዲህ ያለ አልጋ አልሠራም።»

ቁልፉን አዞሩት። በሩ ሲከፈት ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ፤ የጋለ ካውያ ላይ ውሃ እንዳፈሰስኩ ያህል። ውስጡ ኢንቨርተሩ ተቀምጧል፤ ቀይ መብራት እያርገበገበ። በላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ተደፍቶበታል። የእትዬ እጅ ሥራ ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮኑም እንደሱ ያለ ለብሰዋል። ይኼኛው ግን ነጭ ነበር ማለት ይሻላል። መሐሉ ቢጫ ሆኗል፤ ወደ ቡኒ የሚያደላ ቢጫ። እኔ ያንን ቀለም በሕልሜም አውቀዋለሁ። ካውያ ረስተው የተዉበት ጨርቅ ቀለም ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ተቃጥሏል።»

«አርጅቶ ነው።»

«እርጅና እንዲህ አያደርግም። ይሄ ሙቀት ነው።» ጣቴን ወደ ሣጥኑ አስጠጋሁና ቶሎ መለስኩት።

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ድሮ እኮ ያንጎራጉር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ንብ። ቀትር ሲሆን ጮክ ይል ነበር፣ ሲመሽ ዝም። ዘንድሮ ጭራሽ ዝም አለ። እኔ ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጋሽ ሜትርን መቀስቀስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር ነው። እትዬ እንቢ አሉ፤ «አንቺ ቀስቅሺው፣ አንቺን አይፈታሽም» አሉኝ። አልጋው አጠገብ ቆሜ፣

«ጋሼ» አልኩ፣ «ይነሱና ጥላዬን ይለኩልኝ።»

«ነገ ይቆረጣል አላልኩሽም?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አሁን ይለኩልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ።»

ልኬት ሲባል የማይነሱ ሰው አይደሉም። ጫማቸውን በግማሽ አጥልቀው፣ እያጉረመረሙ፣ «የቀትር እንቅልፌን! የቀትር እንቅልፌን!» እያሉ ወጡ። ግቢ ውስጥ ሲደርሱ በልማድ ሜትሯን መዘዙና ወደ ጠመኔው ምልክት ሄዱ። እዚያ ጥላ የለም። ጣሪያውን አዩ። ጥላ የለም። በአጥሩ በር በኩል ወደ እኔ ግቢ ገቡና ዛፏ ሥር ቆሙ። ጥላው እግራቸው ሥር ነበር። ከግንዱ እስከ ጥላው ዳር ለኩ። ዞረው በሌላ በኩል ለኩ። አንዴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፣ አንዴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ።

«አሁን ጠፍቷል?» አሉ።

«አሁን፣ ፍሪጁ አሁን ጸጥ አለ።»

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት?»

«እትዬ ሁልጊዜ ይላሉ።»

ሜትሯን እንደ ልማዳቸው ጠርቀም አላደረጓትም። በእጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ሰበሰቧት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፤ ተከፍቶ ከቆየው ቁምሳጥን ፊት ቆሙ፣ መዳፋቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሙቀቱ ገና አልወጣም። እዚያ ቆመው ቆዩ። እኔና እትዬ ከኋላቸው እንደ ጥፋተኛ ተማሪዎች ተያየን።

«አቧራ እንዳይነካው ብዬ» አሉ በመጨረሻ። ለማን እንደተናገሩ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ዛፍ ቆራጩ ገመዱንና መጋዙን ተሸክሞ መጣ። ጋሽ ሜትር ከበሩ ሳያሳልፉት ቆሙ። እኔ አንሶላ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ተመለስ» አሉት።

«ምነው ጋሼ? ሴትዮዋ እንቢ አለች?»

«እሷ እሺ ብላለች። ልኬቱ ተሳስቷል።»

ዛፍ ቆራጩ እንኳ ደነገጠ መሰለኝ፤ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ጋሽ ሜትር በሕይወታቸው ይህን ቃል ሲናገሩ የሰማ የለም። አንሶላውን ፊቴ ላይ አድርጌ ለቅጽበት ቆየሁ፤ እርጥብ ስለነበር ምን እንዳረጠበው አይታወቅም።

ከሰዓት ጋሽ ሜትር ያስጠሩት ቴክኒሻን መጣ። ሶላሩን ያኔ የገጠመው ራሱ ነው፤ ያኔ ቀጭን ነበር፣ አሁን ቀበቶው ከሆዱ ጋር ይጣላል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ በመለኪያው ፓኔሎቹን ፈተሸና ወረደ።

«ፓኔሎቹ ገና ጎረምሳ ናቸው፣ ጋሼ። ጠዋት ትንሽ ጥላ ያገኛቸዋል፤ እሱ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። ሌላውን ያሳዩኝ።» ቁምሳጥኑን ሲያይ ግን ቆመ። «ይሄን ዕቃ ቁምሳጥን ውስጥ ከቶ ብርድ ልብስ ያለበሰው ማነው?»

«ዳንቴል ነው» አሉ እትዬ ተቆጥተው።

«እትዬ፣ ለእሱ ብርድ ልብስ ነው።»

ክዳኑን ፈታ። ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ በጣቱ ቢገፋት አልዞር አለች። አጠገቧ እንደ ትንንሽ ጣሳ የቆሙ ነገሮች አሉ፤ አናታቸው ደልደል ማለት ሲገባው የአንዳንዶቹ አብጧል፣ ከአንዱ ደግሞ የደረቀ ነገር ወጥቷል።

«እነዚህ ናቸው የሚያረጁት» አለ። «ኃይሉን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ፓኔል ረጅም ዕድሜ አለው፤ ኢንቨርተር ግን የፓኔሉን ግማሽ ከኖረ እሰየው ነው። ሙቀት ደግሞ ያስቸኩለዋል። አዲስ እያለ ይችለው ነበር፤ ማራገቢያዋም ትጮኽለት ነበር። እያረጀ ሲመጣ ከሚሠራው ኃይል ብዙውን ራሱ በሙቀት ያባክነዋል፤ ያባከነው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያስረጀዋል። ማራገቢያዋ ስትሞት ደግሞ ባሰ። ፀሐይ በበረታች ቁጥር ሥራ ይበዛበታል፣ ይግላል፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሲበርድ ይነሳል።»

«እንደኔ ቀትር ላይ ይተኛል በለኛ» አሉ ጋሽ ሜትር። አልሳቁም።

«እንደዚያ ነው።»

«ቁምሳጥኑ ባይኖርስ?»

ቴክኒሻኑ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። ሰው ሊያጽናና ያልፈለገ፣ ግን ሊጎዳም ያልፈለገ መልስ ነበር የሰጠው። «ያኔም ያረጅ ነበር ጋሼ። ቀስ ብሎ። እንዲህ ታፍኖ ሳይሆን።»

ጋሽ ሜትር አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ምን እንደሚያስቡ ለመገመት ሞከርኩ። ፓኔሉን አጥበዋል፣ ባትሪውን ለውጠዋል፣ የእኔን ዛፍ ጥላ በሚሊሜትር ለክተዋል። ከዚህ ሁሉ መካከል ያልጠረጠሩት በገዛ እጃቸው ያሳመሩትንና የቆለፉበትን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ብሆን ዛፌ ስትከሰስ አንድም ጊዜ ቀትር ላይ ቀና ብዬ ጥላዋ የት እንዳለ አልጠየቅኩም፤ እያየሁት።

«መፍራት የነበረብን እኮ ሲጮኽ ሳይሆን ዝም ሲል ነው» አሉ እትዬ ድንገት። ከዚያ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «አንተም ዝም ስትል እንድፈራ ነው እንግዲህ?»

«እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

«እሱም እውነት ነው። ገና ብዙ ትኖራለህ።»

አዲሱ ኢንቨርተር ባዶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በአራቱም በኩል አየር እንዲያገኝ። ያ ክፍተት ስንት መሆን እንዳለበት ቴክኒሻኑ ነገራቸው፤ ጋሽ ሜትር ለክተው ጨመሩበት። ቀትር ላይ ያጉረመርማል። እትዬ ድምፁን ሰምተው «አለ» ይላሉ፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጋሽ ሜትርም የቀትር እንቅልፋቸውን አልተዉም፤ ግን ከመጋደማቸው በፊት መዳፋቸውን ወደ ሣጥኑ ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ያያሉ፤ የልጅ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው። በስልክ ልጆቻቸው «አይበቃም?» ሲሏቸው ምን እንደሚመልሱ እትዬ ነግረውኛል። «ይበቃል፣ ግን አየር እስካገኘሁ እሠራለሁ» ነው የሚሉት።

ማንጎዋ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ በቀር በሙሉ አፈራች። ወፎች ሊጨርሱብኝ ስለሆነ ፍሬዎቹን ጥሬያቸውን አወረድኳቸው፤ እንዴት እንደማበስላቸው ግን ጨነቀኝ፤ ቤቴ ቀዝቃዛ ነው፣ ሳጥኔ የሰው አንሶላ ሞልቶበታል። ጋሽ ሜትር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩኝ።

«ሙቅ ነገር ነው የሚፈልጉት» አሉ። «አየር የማይገባበት።»

አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን።

ማንጎዎቹ ያን የሚያምር ቁምሳጥን ሞሉት። በሩ ጎማው ጥብቅ ብሎ ተዘጋ። እትዬ ከመዘጋቱ በፊት ያንን የተቃጠለ ዳንቴል አምጥተው በላያቸው ላይ አለበሷቸው፤ «ይኸው፣ መልበስ የሚስማማው ተገኘ» ብለው።

ሲበስሉ የመጀመሪያዋን ጋሽ ሜትር ራሳቸው አወጡ። መጀመሪያ ለኳት። ርዝመቷን፣ ዙሪያዋን። ከዚያ ልጠው አንድ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ከተቱና ማኘክ ጀመሩ። አኘኩ። አሁንም አኘኩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሎሚ እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ፤ ጥርሳቸው ውስጥ ክር ገብቶ በምላሳቸው ሲታገሉት ይታየኛል። እኔ እናቴን እያሰብኩ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«እንዴት ናት ጋሼ?»

ክሯን በጣታቸው ጎትተው አወጧት፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በሁለት ጣታቸው ወጠሯት፣ አዩዋት።

«ጭረቷ እንደ ጥሩ እንጨት ቀጥ ያለ ነው» አሉ በአናጺ አክብሮት። «ጠንካራ ናት። ሌላ አምጪ እስቲ።»